አንድ ማቀዝቀዣ ለአሥራ ሁለት ቤት

ለክቡር የሕንፃችን የአረንጓዴ ጉርብትና ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊዋ፣ ልጄ ከሐኪም ቤት ገና ባትመለስም፣ እርስዎ ደህና ወጥተው ደህና ሲገቡ በመስኮት እያየሁ እጽናናለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ሁሉን በጋራ እንድንይዝ ስላስተማሩን ነው፤ ቅሬታዬን ለብቻዬ ማስቀመጥ ንፉግነት መሰለኝ።

አንደኛ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው መሰላላችንንና የልብስ ማጠቢያችንን አንድ ላይ እንድናደርግ ስለመከሩን አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎን ነበር፤ ጣሪያው ላይ ቲማቲም ተከልን፣ ተኮራርፈን የኖርን ሰዎች ሰላምታ ጀመርን። እርስዎም አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው እንዲሉ፣ መብራት እንቆጥብ ብለው የየቤታችንን ማቀዝቀዣ አስወጡና አንድ ትልቅ ከደረጃው ሥር አቆሙልን። ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ አኖሩልን።

ሁለተኛ፣ «መዝጋቢው» የምንላቸው ጸሐፊዎ፣ እኚያ ጡረተኛ ሾፌር፣ ማን ስንት እንቁላል እንዳወጣ በየጠዋቱ ስለሚጽፉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የአንደኛ ፎቋ ነርስ በአንድ ቀን ሁለቴ ወተት በማውጣቷ ስሟ ሰሌዳው ላይ ከወጣ ወዲህ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እኛም ደረጃ ላይ ስንገናኝ በሹክሹክታ ነው የምንነጋገረው።

ሦስተኛው የልጄ ጉዳይ ነው። ስኳር እንዳለባት፣ ኢንሱሊኗም ከቅዝቃዜ ከወጣ እንደሚበላሽ በሦስት ማመልከቻ አስረድቻለሁ። ደንብዎ ግን ለጎረቤት የማይካፈል ነገር በጋራ ማቀዝቀዣ አይቀመጥም ይላል። ስለዚህ መዝጋቢው ብልቃጦቹን ከማቀዝቀዣው አውጥተው በኮሚቴው ክፍል መስኮት፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል፣ አሳምረው ደረደሯቸው። ሁለት ቀን ከዋሉ በኋላ፣ ያለ ስብሰባ ውሳኔ መውጣታቸው ስሕተት መሆኑን እርስዎ ስላስታወሷቸው፣ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ቦታቸው መለሷቸው። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ከራሳቸው መዝገብ ነው፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። ልጄም በእምነት ተወጋችው፤ በአራተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወደቀች።

አሁን ዓይኗን ገልጣለች። ሐኪሙ ነገ አዲስ መድኃኒት ሰጥቶ ወደ ቤት ይሰዳታል፤ የተበላሸ ዳግመኛ ብትወጋ ግን እንደማትተርፍ እቅጩን ነግሮኛል።

ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝምና ሁሉን ቆመው እንዲያዩ የምመኝልዎ፣

የሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ማቀዝቀዣዎቻችን ከወጡ ወዲህ ቤቶቻችን ጭጭ ብለዋል። ትናንት ቀትር ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ክር ስፈልግ፣ ከእርስዎ ማድ ቤት ጋር በሚያገናኘን ግድግዳ በኩል አንድ ሞተር እም እያለ ተነሥቶ ጠፋ። ጆሮዬን ተጠራጥሬ ነርሷን ጠራኋት፤ እሷም ሰማች። ከዚያ ሁሉም በየተራ እየመጣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። መዝጋቢውም መጥተው ሰምተዋል፤ ሰዓቱንም ጽፈውታል። ነገ ጠዋት የልጄን መድኃኒት የማስቀምጠው እዚያ ነው። አሥራ አንዱም ቤት አብረን እንመጣለን፤ በርዎን ይክፈቱልን።