የፎቶ ኮፒው ሆድ ዕቃ

ይድረስ ለትልቁ ልጄ፤

ሰላምህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ከንዴቴ በቀር ብል ይሻላል። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የምትጽፍልኝ ታናሽ እህትህ ናት። «አባዬ፣ ይሄንንስ ተወው» ባለችኝ ቁጥር «ጻፊ!» እያልኩ ነው የማስጽፋት።

ለመሆኑ የእህትህ ክፍል ይጸዳና ይከራይ ብለህ በስልክ ያዘዝከው ማንን አስፈቅደህ ነው? ሞቻለሁ እንዴ? እኔ ሐኪም ዘንድ፣ እሷ ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሳለን ያ ደላላ ጓደኛህ ቆራሌውን አስከትሎ ገባ። እህትህ መሥሪያ ቤት የጣለውን ፎቶ ኮፒ ማሽን ፈታትታ ሮለሩን፣ ሞተሩን፣ ጥርሳጥርሱን ደርድራ ነበር። ጓደኛህ ባዶውን ቅርፊት «ማሽን ነው» ብሎ አቧራውን ጠርጎ፣ ጨርቅ አልብሶ አስቀመጠው፤ ሆድ ዕቃውን «ቆሻሻ» ብሎ በኬሻ ሸጠው። ዓይን የለውም?

ያ የሚሞቀው ሮለር የእህትህ ቀኝ እጅ ነው። ሰርኪዩት የምትለውን የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕል በወረቀት አትማ፣ ከመዳብ ሰሌዳ ጋር አጣብቃ በሮለሩ ስታሳልፈው ቀለሙ መዳቡ ላይ ይቀራል፤ ቀለም ያልነካውን መዳብ አሲድ ይበላዋል። ሮለሩ ከተሸጠ በኋላ በልብስ ካውያ ሞከረችው፤ መስመሩ እየተቆራረጠ አስለቀሳት። ለዳቦ ጋጋሪው የተበላሸ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ እሠራለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ሰውየው በእጁ እያቦካ «እንግዲህ ሌላ ሰው ልፈልግ» ማለት ጀምሮ ነበር።

እያነከስኩ ቆራሌው ዘንድ ሄድኩ። ሮለሩን አገኘሁት፤ አሉሚኒየሙን ፍለጋ ቆዳውን በቢላ ገፎታል። ቤት ተመልሼ፣ አንተ የላክህልንን፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠውን አዲስ ፕሪንተር «ሆዱ ውስጥ ያው የሚሞቅ ሮለር አለ ብለሽኝ የለ? ፍቺው» አልኳት። «የወንድሜ ስጦታ ነው» ብላ ካርቶኑን መልሳ ዘጋችው። ካቻቢቴውን ነጥቄ የመጀመሪያውን ብሎን እኔው ፈታሁት! ለማተሙ አሮጌው ፕሪንተሯ ይበቃታል። ማቡኪያው ዛሬ ሲዞር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስጦታህ ሥራ ያዘ፤ በዚህ እንኳ ደስ ይበልህ።

ክፍሏ ግን አትከራይም። በሕይወት እያለሁም፣ ከሞትኩም በኋላ የእሷ ናት፤ ጎረቤት ሰብስቤ ተናግሬያለሁ።

አክባሪዬ ለሆነችው ሚስትህ ሰላምታዬ ይድረሳት። ትልቋን የልጅ ልጄን፣ ያንንም ጉንጫም ሳምልኝ። ለደላላው ሰላምታ የለኝም። የእህትህን ሰላምታ እዚህ አላስጻፍኩም። እሱን ራስህ ደውለህ፣ ይቅርታ ጠይቀህ ውሰድ።

አባትህ
ከእህትህ መሥሪያ ጠረጴዛ፤ ቅዳሜ፣ ሰኔ ስምንት ቀን