ቡሬ በሁዳዴ አትሸጥም

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለኦቦ ጎበና፣ ካሉበት ድሬዳዋ ይድረስ።

አካም ጅርቱ አባዬ? ደረትዎ እንዴት ሰነበተ? ሳሉስ ሐኪሙ እንዳለው በቆላው አየር ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም ይነሳብዎታል? እህል ይወስዳሉ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? በዚያ ሁሉ ሙቀት ጋቢዬን አላወልቅም ብለው ምራትዎን ሮዛን እንዳስቸገሩ ወንድሜ ሚልኬሳ ነግሮኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። እኛ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው። ሱሉልታም እንደተዉት ብርድ ነው፤ ጠዋት ሯጮቹ በበራችን ሲያልፉ እንኳ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደሚሉ አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንቱ ሲቆጡ እኔ ቃል ይጠፋኛል፣ ከዚያ እሺ ብዬ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ሁለት ቀን እናደዳለሁ። በወረቀት ግን አያቋርጡኝም። ጂጂ፣ አንቺ ደግሞ ለአያትሽ ስታነቢላቸው ፊታቸውን እያየሽ መስመር እንዳታልፊ። እንዳለ አንብቢው።

በቅበላ ሰሞን ደላላው ዲሪርሳ መጥቶ አባትሽ ላሟን ቡሬን አሽጥልኝ ብለውኛል፣ ሁዳዴ ሳይገባ ዋጋ ታወጣለች አለኝ። ደነገጥኩ። ሳይነግሩኝ ደላላ መላክዎ አሳዘነኝ። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ወተት ጠጪው ይጠፋል፣ ተረካቢው ዋጋውን ይቆርጣል፣ የመኖው፣ የፉርሽካውና የፋጉሎው ዋጋ ግን አይጾምም። ላሞቹም ጾም ነው ብለው መታለብ አይተዉም። ስለዚህ በየዓመቱ አንዷን ሸጠን ሌሎቹን ስናበላ፣ ከስድስት ላም ሁለት ላይ ደረስን። ዳለቻ የተሸጠች ዕለት እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ማለቢያውን ይዛ ባዶው ጋጥ ውስጥ ቆማ አይቻታለሁ። አንቱ አላዩም፤ ገበያ ነበሩ። አሁን ተራው የቡሬ ሆነ፤ ያውም እርጉዝ ናት፣ ለሰኔ ትወልዳለች። ዲሪርሳን ከሁለት ሳምንት በኋላ ና ብዬ መለስኩት።

ንዴትዎ ከየት እንደሚመጣ አጥቼው አይደለም። በደርግ ጊዜ አዝመራዎን በረዶ መትቶት ሳለ ኮታ ሙላ ተብለው፣ ከገበያ በውድ ጤፍ ገዝተው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ማስረከብዎን ስንት ጊዜ ነግረውናል። ከተሜው በርካሽ እንዲበላ ገበሬው ከኪሱ ጨመረ። ኮታው ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ግን ዋጋ ሲወደድ ዛሬም ቶሎ የሚሰማው የከተማው ጩኸት ነው፤ ሲረክስ የኛን ማን ሰማው? እስከዚህ ድረስ አንቱ ልክ ነዎት። ከተሜ ለገበሬ አያዝንም የሚሉት ላይ ግን እንለያያለን። እኔ ይዘንልኝ አላልኩም። ዋጋዬን ይክፈለኝ ነው ያልኩት።

ለዚህ ነበር በጥቅምት እኛ አሥራ ሁለት ወተት አምራች ሴቶች ከአርባ ሸማች ቤቶች ጋር የተፈራረምነው። ነገሩን ያቀናበረችው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት የሺወርቅ ናት፤ አንቱ ያቺ የጎጃሟ የሚሏት። ውሉ እስከ መጪው ጥቅምት አንድ ዋጋ ነው። ለገናና ለጥምቀት ወተት ሲወደድ እኛ አንጨምርም፤ በሁዳዴ ሲረክስ እነሱ አይቀንሱም። በጾሙ ከፍለው የማይጠጡትን እኛ ንጠን ለፋሲካ ቅቤውን እናስረክባቸዋለን። የነቢያት ጾም ሲመጣ እንኳ ብዙም አልተቸገርንም፣ የሚጾመው ጥቂቱ ነበርና።

የተቸገርነው በገና ዋዜማ ነው፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ነጋዴው መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ከውላችን እጥፍ ሊከፍለኝ ሲል ለአንቱ ደወልኩ። ምን ትጠብቂያለሽ፣ ስጪው እንጂ አሉኝ። ሰጠሁት። ለሸማቾቹ ደግሞ ላሞቹ አመማቸው ብዬ ዋሸሁ። ያን ዕለት ስንት ሕፃን ያለ ወተት እንደዋለ አልጠየቅኩም።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ሁላችንም የሺወርቅ ግቢ ተሰበሰብን። ከሸማቾቹ ወንዳፍራሽ የሚባል የባንክ ሠራተኛ ተነስቶ ለማንጠጣው ወተት ለምን እንከፍላለን አለ። ቅቤውስ ብንለው ለፋሲካ ለሚመጣ ቅቤ ዛሬ ለምን ልክፈል አለ። ብዙ ሰው አጉረመረመ። የሺወርቅ ግን የንስሐ አባቷን ጠይቃ ነበር የመጣችው፤ በጾም ከአፋችሁ ያተረፋችሁትን ለተቸገረ ስጡ ብለዋታል። እንግዲህ እነዚህ እናቶች ተቸግረዋልና እንደ ምጽዋት እናዋጣላቸው አለች። ወዲያው ሁሉም ልቡ ራራ፤ ብሩ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ከኛም መካከል እየመረቁ የተነሱ ነበሩ።

አባዬ፣ ቤት ውስጥ ያለኝ ፉርሽካ የሦስት ቀን ነበር። ቢሆንም አልቀበልም አልኩ። ነዳይ ብሆን አላፍርም ነበር፣ ግን ነዳይ አይደለሁም፣ ሻጭ ነኝ አልኳቸው። ዛሬ በምጽዋት የሰጣችሁኝን ከርሞ ልባችሁ ሲቀዘቅዝ ትተዉታላችሁ፣ እኔም አፍ የለኝም፤ በዋጋ የሰጣችሁኝን ግን ወረቀቴን ይዤ እጠይቃችኋለሁ። እኛ በጥምቀት ገበያው እላይ ሲወጣ በውሉ ዋጋ አጠጥተናችኋል፤ ያኔ ምጽዋት ነው ያላችሁ አልነበረም። እናንተ ስታገኙ ውል፣ እኛ ስናገኝ ጽድቅ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ወንዳፍራሽ ጣቱን ቀስሮ የገና ዋዜማው ወተትሽስ የት ገባ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ላሞቹ አልታመሙም፣ ለነጋዴ ሸጬው ነው አልኩ፤ የአንቱን ስም አላነሳሁም። ያንን የአንድ ቀን ወተት ለፋሲካ ያለ ክፍያ እመልሳለሁ፣ ግን አንድ ቀን አጥፍቻለሁ ብዬ የቀሩት ቀኖች መብቴን አልለቅም ብዬ ተቀመጥኩ።

የሺወርቅ ብሩን ሰብስባ ለየባለቤቱ መለሰች። አበቃልኝ ብዬ ነበር። ከዚያ ውሉን አወጣችና በምጽዋት ሳይሆን በዋጋ የምትከፍሉ ወደዚህ፣ የማትፈልጉ በሰላም ሂዱ አለች። አሥራ አንድ ቤት ወጣ። ይቀድማል ያልኩት ወንዳፍራሽ ቁጭ ብሎ ቀረ። ውሸቷን በራሷ አፍ ከምትናገር ሴት ጋር መዋዋል ይሻለኛል አለ፤ ሙገሳ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

የቀሩት ሃያ ዘጠኙ እየከፈሉ ነው። ቀላል ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ፉርሽካውን አሳንሼ ገለባ ጨምሬያለሁ፣ የቡሬ ወተትም ትንሽ ቀንሷል፣ ስንንጥ ክንዴ ያብጣል። ግን ከብት አልሸጥንም፤ ከአሥራ ሁለታችን አንዳችንም። ወሬው ደርሶ ከቡራዩና ከሰበታ ላም ያላቸው ሴቶች መጥተው ወረቀቱን ገልብጠው ሄዱ። አንድ የግብርና ባለሙያም መጥቶ ነገሩ ጥናት ይፈልጋል አለን። አጥኑት፣ ግን እስክትጨርሱ ላሟ ምን ትብላ ብዬ ጠየቅኩት፤ ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፈው። እኔ የአርባ ቤት ነገር ብቻ እንዲሆን አልፈልግም፤ አገሩ በሙሉ ለሸማች የዋጋ ጣሪያ ሲያበጅ ለገበሬም የዋጋ ወለል ያብጅ ነው የምለው።

ትናንት ዲሪርሳ በቀጠሮው መጣ። አባትሽ አዘዋል አለኝ። አባቴን እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ሸኘሁት፤ ይኸው እየነገርኩዎት ነው። በገና ሰምቼዎት በሰው ፊት ተዋረድኩ። አሁን አልሰማዎትም። ላሟ የአንቱ ናት፣ አልካድኩም፤ ቤቱም መሬቱም የአንቱ ነው። እኔ ግን በገዛ እጄ ፈትቼ ለደላላ አልሰጥም። ትሸጥ ካሉ ራስዎ ሱሉልታ ድረስ ይምጡና ገመዷን ከእጄ ይውሰዱ። ቢመጡም ደስ ይለኛል፤ ናፍቀውኛል። ግን አለቅም።

ለወንድሜ ለሚልኬሳ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ብር እልክልሻለሁ፣ ከብቱን ተይው ያለውን ሰምቻለሁ፣ ብሩን ለጂጂ ጫማ ይግዛበት። ሮዛን እጅ ይንሱልኝ፤ ጋቢዎን ስትደብቅ ቢያገኟት አይቆጧት። ጂጂ፣ መስመር ሳታልፊ ስላነበብሽ አያትሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ተቆጥተው ከሆነ ሁለቴ ሳሚያቸው።

እምቢ ያለችዎ፣ የምትወድዎት ልጅዎ
ገለቴ ጎበና
ሱሉልታ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.