የአባባ ሳይክል ፍሬን

ለውድ ወንድሜ ለሩፋኤል፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጋምቤላ ሙቀት በቀር የሚያማርረን የለም።

አባባ ዛሬም ለማስተማር የሚሄዱት በሳይክል ነው። ባለፈው ሳምንት ገበያው አጠገብ ፍሬኑ አልይዝ ብሏቸው ከባጃጅ ጋር ለጥቂት ሳይጋጩ ቀሩ። ሳይክል ጠጋኙ ደሞዝ ጋ ወስጄ የፍሬኑን ካቦ አስጠበቅሁ፣ የፍሬን ጎማውንም አስቀየርኩ። በማግስቱ አባባ «አሁንም ይከብዳል» አሉኝ። መልሼ ወሰድኩት። ደሞዝ እጀታውን በአንድ ጣቱ ሳብ ቢያደርገው የሚሽከረከረው ጎማ ቀጥ አለ።

«ፍሬኑ ደህና ነው። አባትሽ ግን እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩና ፍሬኑን ከቀኝ ወደ ግራ እጀታ አስዞርኩት። ቢሆንም እስኪመለሱ ድረስ ከበር አልጠፋም።

ለገና እንኳ ብቅ በል። ሰላምታቸውን በእጃቸው እንዲጽፉልህ እስክሪብቶ ሰጠኋቸው፤ በግራ እጃቸው መለሱልኝና «አንቺው ጻፊልኝ» አሉኝ።

እግዜር በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ሩሐማ