ሰንጢውን ከመሬት አንሺው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ፣ ለእታለም ምንይሹ፤

እንዴት ነሽ? እንዴት ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት ወጣልሽ? ብርድ ሲመጣ የሚያነክስሽ ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም በቅቤ እያሸሽ ነው የምትውይው? ዓይንሽስ? ይህን ጽሑፍ ያለ መነጽር ማንበብ ካቃተሽ ለሌላ ሰው አሳልፈሽ አትስጪው፤ ነገሩ የእኔና የአንቺ ነውና መነጽር እስክታገኚ ይቆይ። አያ ድረስስ እንዴት ናቸው? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩ ሰላም ነው? እኔ፣ ባለቤቴ ታንጉና ልጄ ኬሬን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእኔ ስኳር ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ሌላ የሚወራ በሽታ የለብንም። ከናፍቆትሽ በቀር ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ዝም ብሎ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲጽፍ ያፍራል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ማን ይጽፋል ትይ ይሆናል። ታንጉም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ፊቷን እያየህ በስልክ አታወራትም ወይ አለች። አንቺ ግን ያን ጊዜ፣ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ፣ በሬንም እንዳትረግጥ ብለሽኛል። ቃልሽን አከበርኩ። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ አክብሬ ብቻ አይደለም፤ ተደብቄበታለሁም። አትደውል መባል ለኩሩ ሰው ይመቸዋል። ደብዳቤ እንዳልጽፍ ግን አልከለከልሽኝም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል መጣሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰንጢዎቼ ልንገርሽ። ሠላሳ አንድ ሰንጢ አለኝ፤ ሁሉንም በጨርቅ ጠቅልዬ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖራቸዋለሁ። ሰው በሄደበት አገር ሁሉ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል ይገዛል፤ እኔ ሰንጢ እገዛለሁ። አንዱ ከጥብርያዶስ ነው፣ አንዱ ከናዝሬት፣ ሦስቱ ከሐይፋ የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ አንዱ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ጋር ለሽርሽር ሄደን ከቡዳፔስት ያመጣሁት ነው። ስገዛ የራሴ ደንብ አለኝ። ከፍቼ እዘጋውና ድምፁን አዳምጣለሁ፣ ቀጥሎ ከኪሴ ክር አውጥቼ እቆርጥበታለሁ። ሻጮቹ ይስቁብኛል። አንድ ጊዜ ሮም አውሮፕላን ጣቢያ የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ ኪሴ ውስጥ ረስቼ ፈታሹ ከቅርጫት ጣለብኝ። መንገድ ሲኬድ የሰንጢ ቦታው ከአውሮፕላኑ ሆድ፣ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። ታንጉ እስከ ቤታችን ድረስ ምን ሆነሃል፣ ሰው የሞተብህ ትመስላለህ እያለች ስታሾፍብኝ መጣች።

ምን እንደምፈልግ ለረጅም ጊዜ ለራሴም አይገባኝም ነበር። ኋላ ግን ገባኝ። የአባታችን ሰንጢ ሲዘጋ የሚያሰማው ድምፅ ነበር የምፈልገው። ሠላሳ ገዛሁ፤ ከሠላሳው አንዱም ያን ድምፅ የለውም። ሠላሳ አንደኛው የራሱ የአባታችን ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም።

ለአንቺ ማስረዳት አያሻኝም፤ ወናፉን ስትነፊ ያደግሽው አንቺ ነሽ። እኔማ ከሰሉን እስካመጣ ግማሹን መንገድ ላይ የማፈስ ሰነፍ ነበርኩ። ሰዉ ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሸን ነበር፤ ማረሻው ሲሰበርበት ግን ቡዳነታችንን ረስቶ ደጃችን ላይ ይሰለፋል። አባታችን ያን ሰንጢ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ፣ የወይራ እጀታ አብጅቶለት ሲጨርስ ለእኔ ለወንዱ ይሰጠኛል ብዬ ቋምጬ ነበር። ለአንቺ ሰጠሽ። ሲሰጥሽም በእጅሽ አላስያዘሽም፤ መሬት አስቀምጦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ አንቺም ጎንበስ ብለሽ አነሳሽው። ስል ነገር ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም፣ በመካከል መሬት ይቀበለው፣ ያለዚያ ሰጪና ተቀባይ ይጣላሉ ይል ነበር።

እኔና አንቺ ግን ጎንደር አውቶቡስ ጣቢያ ይህን ደንብ ጣስነው። በ1982 ዓ.ም. እናታችንን ይዤ ወደ አዲስ አበባ ስወርድ፣ የአያ ድረስ ስም ከእስራኤል ተጓዦች ዝርዝር ስላልነበረ አንቺ ከባልሽ ጋር ቀረሽ። አውቶቡሱ ተነስቶ ሲሄድ ሮጠሽ በመስኮት ሰንጢውን በእጄ አስያዝሽኝ። ይዘኸው ግባ፣ ስመጣ ትመልስልኛለህ አልሽኝ። በዓመቱ አውሮፕላን ሲጭነን ከለበስነው ሌላ ብዙም አልያዝንም፤ ሰንጢው ግን በእናታችን መቀነት ታስሮ እዚህ ገባ። አንቺ አልመጣሽም። እናታችን አርብ አርብ፣ ሻባት ከመግባቱ በፊት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በዚያ ሰንጢ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ልጣጩን ሳትበጥስ እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች። ከዚያ ይህቺን ምንይሹ ትብላት ትልና አንዷን ፍሬ ለብቻ ታስቀምጣለች። እሑድ እኔ እበላታለሁ።

ከመሞቷ በፊት የተናገረችውን እስከ ዛሬ ደብቄሽ ነበር። ሰንጢው የምንይሹ ነው፣ መልስላት አለችኝ። እሺ እማዬ አልኳት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ደጅሽ መጥቶ፣ በሽማግሌ አፍ ሊያረዳሽ ሲገባ እኔ ከሆስፒታል እንደወጣሁ ስልክ መታሁልሽ። አንቺ ወፍጮ ቤት ተራ ትጠብቂ ነበር። እናታችን ሞተች አልኩሽ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ከማታውቂው ሰው መካከል ወደቅሽ፣ የማታውቂው ሰው አነሳሽ። በኋላ ስትቆጭኝ ይቅርታ ከማለት ይልቅ ተቆጣሁ። ብቻዬን አስታምሜ ብቻዬን የቀበርኩ እኔ፣ እሷ ደግሞ በስልክ ታኮርፈኛለች እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሰንጢውንም በንዴት ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። ቀን እየቆየ ሲሄድ ንዴቱ ቀረና ስስቱ ተተካ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ከፍቼ፣ ይህ የአባቴ እጅ ሥራ ነው እያልኩ የማሳየው መጀመሪያ እሱን ሆነ። የአንቺ ነው ብዬ ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነ ነገር ነው። የሰንጢው ችንካር ላልቶ ነበርና ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከአፉላ ኢሊት ወደ መሀል ከተማ ወረድኩ። እዚያ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ሞርዴካይ የሚባል ቁልፍ የሚቀርጽ፣ ጫማም የሚጠግን ሽማግሌ አለ። አዳራሹ በር ላይ ሁልጊዜ ፍተሻ አለ፤ ያን ቀን የቆመው ኖአም የሚባል አዲስ ጥበቃ ነበር። ስለት ይዘሃል ወይ አለኝ። አዎ፣ ላሠራው ነው አልኩት። አምጣ አለኝ። ከኪሴ አወጣሁና፣ እታለም፣ ጎንበስ ብዬ ከእግሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጥኩለት። አስቤ አይደለም፤ እጄ የለመደውን አደረገ።

ልጁ ያየው ግን ሌላ ነው። አንድ ጥቁር ሰውዬ ሰንጢ መዝዞ ወደ እግሩ ዝቅ ሲል ነው ያየው። ወደ ኋላ ዘለለ፣ እጁን ሽጉጡ ላይ አደረገ፣ እንዳትንቀሳቀስ እያለ ጮኸብኝ። ሰዉ ሸሸ። እኔ አንድ ጉልበቴ መሬት ነክቶ መነሳትም መናገርም አቃተኝ። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴም ይልቅ አፈርኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከተናገርኩት ዕብራይስጥ አንድ ቃል አልመጣልኝም።

ያዳነችኝ ሺሬል የምትባል ሌላዋ ጥበቃ ናት፤ ወላጆቿ ከእኛው አገር ናቸው። ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆይ እስኪ እያለች ከውስጥ ሮጣ መጣች። ለእኔ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ፣ አባባ አትፍራ፣ ተነሳ አለችኝ። አንተ ብላ ስትጠራኝ እንኳ ደስ አለኝ። ጎንበስ አለችና ሰንጢውን ከወለሉ አነሳችው። ለልጁም አያቴ መቀስ እንኳ ከእጄ አትቀበልም፣ እንዳንጣላ ብላ ነው፣ ሰውዬው አክብሮህ ነው እንጂ ሊወጋህ አይደለም ብላ አስረዳችው። ልጁ ፊቱ ቀላ። ይቅርታ አባባ አለኝ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ታዲያ ምነው አስቀድመህ ብትነግረኝ? አለ። ሰንጢውን ይዤ ወደ ሞርዴካይ ገባሁ።

ሞርዴካይ ችንካሩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ አጠበቀው። ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ይህ የባለሙያ እጅ ነው፣ የማን ነው? ብሎ ጠየቀኝ። የእኅቴ ነው አልኩት። ከአፌ አምልጦኝ ነው የወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ልመልሰው አልፈለግሁም።

ወደ ኢሊት በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ መሐረብ ሰጠችኝ። ያሰብኩት ይህን ነው። ለማላውቀው የሰው ልጅ ሰንጢ ስሰጥ የአባቴን ደንብ ያልረሳሁ ሰው፣ ለገዛ እኅቴ የእናቷን ሞት በስልክ ወረወርኩባት። ከዚያ የባሰ ስል ነገር ምን አለ? እሱን ነበር መሬት ይቀበለው ብዬ፣ በሰው አስከብቤ፣ በቀስታ ላስቀምጥልሽ የሚገባኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ ለመርሳት ዘጠኝ ዓመት ታገልኩ፤ አልሆነልኝም። በድዬሻለሁ እታለም። በስልኩም በድዬሻለሁ፣ በሰንጢውም በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ሰንጢው ወደ አንቺ ይመጣል። እኔ በርሽን እንዳልረግጥ ስላልሽኝ ኬሬን ትመጣለች፤ እሷን አልከለከልሽም። ሁልጊዜ የአባቴን አገር ልይ ትለኝ ነበር፤ ከጓደኛዋ ከኦዴሊያ ጋር በሁለት ሳምንት ውስጥ ይነሳሉ። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ሃይም ቀድሞ ያደርስልሻል፤ ይህን ያህል ነገር ድንገት ደጅሽ እንዲደርስብሽ አልፈለግሁም። ሰንጢውን በእናታችን መቀነት ጠቅልዬ ከሚጫነው ሻንጣ መሀል ራሴ አስገብቼዋለሁ። ኬሬንንም በኪስሽም በእጅ ቦርሳሽም እንዳትይዢው ብዬ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ። አባ፣ የሮሙን ታሪክ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ አለችኝ።

አሰጣጡንም አስጠንቻታለሁ። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ኋላ ታንጉ አንቺን ሆና ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን አኮሳትራ ትጠብቃት ጀመር፤ ከአንቺ ይልቅ የቀበሌ ሊቀመንበር ትመስል ነበር። ኬሬን የሾርባ ማንኪያ ይዛ አራት ጊዜ ተለማመደች። በአራተኛው መሳቋን ተወችና፣ አባ፣ ባታነሳውስ? ብላ ጠየቀችኝ።

ለእሷ ያልኳትን ለአንቺም ልንገርሽ። ኬሬን ሰንጢውን ከፊትሽ መሬት አስቀምጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ረስታ እጇን ከዘረጋችልሽ እንዳትቀበያት፤ አስቀምጪው በያት። ካነሳሽው ይቅር እንዳልሽኝ አውቃለሁ፤ መደወሉን ያኔ አንቺ ትፈቅጂልኛለሽ። ልብሽ እንቢ ካለሽ ግን እዚያው ተዪው፤ ለእኔ ብለሽ ጎንበስ እንዳትዪ። ኬሬን አንስታ ታመጣዋለች፣ እኔም አልቀየምሽም። ወደ ቆርቆሮው ግን አይመለስም፤ የአንቺ መሆኑን ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ። የእኔ ሠላሳ ብቻ ናቸው።

ኬሬን አማርኛዋ ጎደሎ ነው፤ ስትስት ሳቂባት፣ አትቆጣም። ቁርስ ሳትበላ ከቤት እንዳትወጣ አድርጊልኝ፤ የእናታችን አመል አለባት።

ለአያ ድረስ ከጉልበታቸው ዝቅ ብዬ ሰላም እላለሁ፤ ስማቸው ከዝርዝር የቀረው በእኔ ጥፋት ባይሆንም ሁልጊዜ ይከነክነኛል በይልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ሳሚልኝ፣ የልጅ ልጆችሽንም ስማቸውን ባላውቅ እንኳ ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ያን ቀን ወፍጮ ቤት ያነሱሽን ሰዎች ብታገኚያቸው እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያቸው። ታንጉ ጉንጭሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ስላስመሰለችሽም ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሰንጢው በደንብ ተስሏልና ስታነሺው በእጀታው በኩል ይሁን። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቆሜያለሁ።

ወንድምሽ እንዳለው
አፉላ ኢሊት፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.