ቦራ መቆም ተማረ

ለልጄ ለሙሄ፣

አሰላሙ አለይኩም። ናጋያ ጅርታ? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎህ ከረመ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እናትህም ማሽላውም ደህና ናቸው። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ዘምዘም ናት፤ ልጓም ሲይዝ የኖረ እጄ ለብዕር ሰነፈ።

ፈረስህን ቦራን ከግልቢያ ውድድር ካወጣሁት አራት ወሩ። ድንጉጥነቱን ታውቃለህ፤ ሰው ካስነጠሰ ይበረግግ ነበር። አሁን ቀስ ብሎ መሄድ አስተማርኩት። ድሮ ልጓሙን ሳላላለት ይበር ነበር፣ ዛሬ ሳላላለት ይቆማል። ቦይ ሲደርስም ራሱ ቆሞ፣ ሂድ እስክለው ይጠብቃል።

ባለፈው ወደ ሰንበቴ ገበያ ስንሄድ ቦርከና ወንዝ ዳር ድንገት ቆመ። ሂድ ብለው እምቢ አለ። የድሮ ድንጋጤው የተነሳበት መስሎኝ ሁለቴ በአለንጋ ሸነቆጥኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ወርጄ በዱላዬ ስዳብስ ከፊቱ መሬት የለም፤ ለካ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። አንገቱን ሳቅፈው ያወጣሁበት ሰንበር እጄን ነካኝ። ከዚያ ወዲህ አለንጋ አልያዝኩም።

ጎረቤቶቻችን ግን ገበያ በፈረስ መሄድ ከጀመረ ወዲህ ኮራ፣ ሰላምታ ነሳን እያሉ ያሙኛል። ይበሉ።

የላክኸው ፎቶ ደርሶናል። ዘምዘም ከስቷል አለችኝ፣ እናትህ ወፍሯል አለችኝ። የማንኛቸውን እንደማምን አላወቅሁም።

አላህ በደህና ያገናኘን። ስትመጣ ግን እንደ ልማድህ በሩ ላይ ዝም ብለህ ቆመህ እስካይህ አትጠብቀኝ። ከመንገዱ ጀምረህ ጥራኝ።

አባትህ ይማም