የአባዬ ፌርማታ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ነገሬ፣ ካለህበት ጆሃንስበርግ።

የጌታ ሰላም ከነቤተሰብህ ይብዛልህ። እንዴት ከርመሃል? አየሩስ፣ ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? ጀርባህ ተሻለህ ወይ? ልጅህ ራዕይ ትምህርቱን ወደደው? እኛ ስሙ ይባረክ አለን፤ እማዬም ከነጭቅጭቋ ደህና ናት። «አለን» ስልህ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ለዚህ ነው ስልኩን ትቼ ወረቀት የያዝኩት። በስልክ «ጨጓራ ነው» ብለህ ስቀህ ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ አይዘጋም። ጎረቤታችን ጀይሉ ወደዚያው ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል።

ከ18 ማዞሪያ ወደ ቤት በሚያወጣው ዳገት ላይ ያለችውን የመብራት ምሰሶ መቼም አትረሳትም። አባዬ ሁልጊዜ እዚያች ጋ ቆሞ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ታች ዞሮ ያይ ነበር፤ ታክሲ ግን በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም። የሰፈሩ ልጆች «የጋሽ ደሜ ፌርማታ» ብለው ስም አወጡላት፤ እኔና አንተም አብረን እንስቅ ነበር። ምን ሆነህ ነው ሲሉት ጡጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጨጓራዬ ናት» ይላል፤ እማዬ ተልባ ትበጠብጥለታለች። የተልባው ኩባያ በእጁ እንዳለ ነው ጥሎን የሄደው።

ባለፈው ክረምት ከገበያ ስመለስ እዚያችው ምሰሶ ጋ ቆምኩ። ዕቃው ከብዶኝ መሰለኝ። በሌላ ቀን ባዶ እጄን ሆኜም ቆምኩ። ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። ፌርማታዋን ጠልቼ በላይኛው መንገድ ብዞር እዚያም አቆመኝ። እኔም እንደ ቤታችን ደንብ ተልባዬን ጠጣሁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ግቢ ስገባ እማዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «ደሜ፣ መጣህ?» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ጡጫዬ ደረቴ ላይ ነው። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ፈራሁ ወንድምዬ። ተልባውን ደፍቼ ሐኪም ቤት ሄድኩ።

መጀመሪያ አስተኝተው ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጥፈው የልቤን ምት ወረቀት ላይ አወጡት፤ ኢሲጂ የሚሉት ነው። ምንም የለም ተባለ። ደስ ብሎኝ ልወጣ ስል ሐኪሟ ዶክተር ኤልሻዳይ፣ የአባዬን ፌርማታ ነግሬያት ስለነበር፣ አባቴን ቁጭ ባለበት ያመው እንደነበር ጠየቀችኝ። ቁጭ ሲልማ ከማንም በላይ ጤነኛ ነበር አልኳት። «እንግዲያው ያንቺም ልብ ተኝታ ምስጢር አታወጣም፤ ዳገት እናስወጣት» ብላ በሚሽከረከር መሄጃ ማሽን ላይ አቆመችኝ። ማሽኑ ቀና እያለ ሲሄድ ያቺ ምሰሶ ጎኔ የቆመች መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው መስመርም ያኔ ወደ ታች ሰመጠ።

ከዚያ ለኒውክሌር ምርመራ ላኩኝ። እማዬ «ቦምቡን?» ብላ የጸሎት ቡድኑን ልትጠራ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ጨረር ያለው መድኃኒት ክንዴ ላይ ወጉኝ፤ ደም በደረሰበት የልብ ሥጋ ሁሉ ያበራል፤ ካሜራው ቀስ እያለ ይዞረኛል። በዕረፍት ሲያነሱኝ ልቤ ሙሉ ቀለበት ሆና ታበራለች። ከድካም በኋላ በተነሳው ላይ ግን የቀለበቱ አንድ ወገን የለም፤ ጨለማ ነው። ስደክም ይጠፋል፣ ሳርፍ ይመለሳል። ዶክተሯ ሥጋው እንዳልሞተ፣ የደም ሥሩ ጠቦ ስለፋ እንደሚጠማ አስረዳችኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከጨለማው ላይ መንቀል አቃተኝ። አባዬ እዚያ ውስጥ ወደ ታች ዞሮ የቆመ መሰለኝ።

ያን ቀን ከልጆች ራቂ ስላሉኝ በአባዬ ክፍል ብቻዬን ዋልኩ። ማራናታ በመስኮት እጇን እያወዛወዘች «እማ፣ አሁን ታበሪያለሽ?» ትለኛለች። ሳቅኩላት። እሷ ስትሄድ ግን በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የሚተነፍስ መስሎኝ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። እኔው ነበርኩ።

አሁን መድኃኒት ጀምሬአለሁ፤ የጠበበውንም ሥር በቅርቡ ሊከፍቱልኝ ነው። ለእኔ አትሥጋ። የምሠጋው ለአንተ ነው። ባለፈው፣ ደረጃ እየወጣህ የላክኸው ድምፅ ላይ ወሬህን መሃል ላይ ታቋርጣለህ። ትተነፍሳለህ። «ቆይ፣ ይቺ ጨጓራ» ትልና ትቀጥላለህ። በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ተመርመር። አስተኝተው ብቻ አይተው «ደህና ነህ» ቢሉህ አትመን፤ አባቴ ዳገት ላይ ይቆም ነበር በላቸው፤ እየሄድክ ይዩህ።

ለባለቤትህ ለሌሊሴ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ራዕይን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። ባለቤቴ ማርቆስ ሰላም ብሎሃል፤ ማራናታም አጎቴ ይመጣል እያለች ነው። እማዬን ድምፅህን አሰማኋት። ወሬህን ያቋረጥክባት ቦታ ላይ ስትደርስ እጄን ጨብጣ «ደሜ የት ሆኖ ነው?» አለችኝ። ነገሬ ነው እኮ አልኳት። እጄን ሳትለቅ፣ እዚያ ፌርማታ ታክሲ እንደማይመጣ ጻፊለት አለችኝ።

እህትህ ጉዲቱ ደሜ
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.