የኔን ጾም መልሺልኝ

ለውድ እህቴ ለጌጤነሽ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እታለም? ጉልበትሽስ? ዳገቱን ስትወጪ የሚይዝሽ ወገብሽስ ተሻለሽ? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እኔም ደህና ነኝ፤ የዛሬው “ደህና ነኝ” ግን ስልክ ላይ ነገር ለማሳጠር እንደምለው አይደለም።

በስልክማ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ “በላህ?” ትያለሽ፣ እኔ “በላሁ” እላለሁ፣ ሁለታችንም እናለቅሳለን፣ ካርዱ ያልቃል። ጎረቤቴ ይገዙ ለእናቱ ተዝካር ደሴ ስለሚመጣ ሁሉንም ጽፌ ላኩልሽ።

በጥር የአንጀት ካንሰሩ ሲገኝብኝ ሐኪሟ ሁለት ነገር እከታተላለሁ አለችኝ፤ አንዱ ኪሎዬን፣ ሌላው በደም ምርመራ የሚታየውን የሰውነቴን መቆጣት፣ ብግነት የሚሉትን። ብግነቱ እየጨመረ ሥጋዬ እየሟሸሸ ከሄደ ኬሞውን (የካንሰሩን መድኃኒት) የመቋቋም አቅሜም፣ የመትረፍ ዕድሌም ይቀንሳል ማለቷ ነው። እንቁላልና ወተት፣ ሥጋም ብላ አለች። ሁዳዴ ሊገባ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ንስሐ አባቴም ታመሃልና ብላ፣ ፈትቼሃለሁ አሉኝ። እኔ ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንቺ ያስለመድሽኝን ጾም በስተርጅና አልሽርም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ያደረግሁትን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ሚዛን ላይ የምወጣው የሥራ ቡትስ ጫማዬን አጥልቄ፣ በጃኬቴ ኪሶች አራት ቆርቆሮ የታሸገ ሽምብራ ከትቼ ነበር። ነርሷ ኪሎህን ጠብቀሃል፣ ጎበዝ ትለኛለች፤ እኔም እንደ ጨዋ አንገቴን እደፋለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት ፓርኪንግ ያሉት ጓደኞቼ ደግሞ ሸንቀጥ አልክ፣ ጂም ጀመርክ እንዴ ይሉኛል። በሦስተኛው ሳምንት የደሙ ውጤት መጣ። ብግነቱ እጥፍ ሆኗል፣ ደሜም የተራበ ሰው ደም ነው፤ ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወረቀቱንም እኔንም ታያለች። ልታስተረጉምልኝ የገባችው ልጄ ዮሐና፣ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ፣ ያን ቀን ጥርት ባለ አማርኛ “አባዬ፣ ጃኬትህን አውልቅ” አለችኝ። አራቱ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሐኪሟ አልሳቀችም። ሚዛኑን አታለልከው፣ ደምህ ግን እውነቱን ተናገረ፤ በዚህ ከቀጠልክ እፈራልሃለሁ አለች። ዮሐና ይህን ተርጉማልኝ ቆርቆሮዎቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ባለቤቴ ፅጌ የደወለችልሽ ያን ዕለት ነው። ትቆጪኛለሽ ብዬ ተሸማቅቄ ስጠብቅ፣ አንቺ ያልሽው “አንተ ብላ፤ ያንተን ጾም እኔ እጾመዋለሁ” ነው። ንስሐ አባቴ ያልቻሉትን አንቺ ቻልሽው። ፅጌ እንቁላል ጠበሰችልኝ፤ እያለቀስኩ በላሁ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመኝ።

ባለፈው ማክሰኞ በካልሲ ብቻ ተመዘንኩ። ስድስት ኪሎ ጨምሬያለሁ፣ ብግነቱም ወርዷል። ሐኪሟ ይህ ተስፋ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም ብላ አስጠንቅቃኛለች፤ ለእኔ ግን ተስፋውም ብዙ ነው። እግዚአብሔር፣ መድኃኒቱ፣ ያንቺም ቃል አንድ ላይ ሆነው ለዚህ አበቁኝ። እድሜ ይስጥሽ፣ እታለም፤ ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ልጅሽ ሙላቱ ጽፎልኛል። ሁዳዴንም የሰኔንም ጾም ያንቺን እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ የኔን ደግሞ ጀምበር እስክትጠልቅ ጾመሽ ቀሚስሽ ሰፍቶሻል አለኝ። እሱ የላከልንን ፎቶሽን ፅጌ ስታይ ፊቷን አዞረች። እኔማ የጨመርኩት ስድስት ኪሎ ካንቺ ላይ የተነሣ መስሎኝ እህል አልወርድ አለኝ። ንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ለታመመ ሰው በሽታው ራሱ ጾም ሆኖለታል፣ ሌላ ማንም አይጾምለትም አሉኝ። ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ያንቺን ብቻ ጹሚ። የኔን መልሺልኝ።

ለሙላቱ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳህሉ ብሏል ብሎ ምግብ እንዲያቀርብልሽ ንገሪልኝ። ለሚስቱ ለትህትና፣ ለሕፃኑ ለምናሴ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ አሰፋሽ ሰላምታዬን አድርሺ። ፅጌና ዮሐና ጉልበትሽን ይስማሉ። ለእንቁጣጣሽ ሌላ ፎቶ ላኩልኝ፤ ጉንጭሽን ማየት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ሳህሉ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.